ሲቪዎ ይነበባል ወይስ ይታለፋል?

የምረቃው ፎቶ በፍሬም ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል። ጋዎኑ ተመልሷል፣ ድግሱም አልፏል። አሁን ልጅዎ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ሲቪዋን እያዘጋጀች ነው። ከኢንተርኔት ያወረደችው ናሙና በግራ በኩል ሰማያዊ ዓምድ፣ ከላይ ክብ ፎቶ፣ ከታች ደግሞ የቋንቋ ችሎታን የሚያሳዩ አምስት አምስት ኮከቦች አሉት። «እንዴት ነው?» ስትልዎ «ያምራል» ይሏታል። በእርግጥም ያምራል። ግን ይነበባል ወይ?

ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሊያመለክቱ ይችላሉ። ያን ሁሉ ወረቀት የሚያገላብጠው የሰው ኃይል ባለሙያ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። በመጀመሪያ እይታ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ይህች ሰው ማን ናት? ምን ተማረች? የት ሠራች? ጥሩ ሲቪ እነዚህን መልሶች ሳያስፈልግ የሚያቀብል ነው። አንባቢው «እንዴት ያለ ዲዛይን!» ካለ ዓይኑ ከልጅዎ ላይ ተነሥቶ ጌጡ ላይ አርፏል ማለት ነው።

ፎንቱ የሰከነ ይሁን

በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ሲቪ ካሊብሪ፣ አሪያል ወይም ታይምስ ኒው ሮማን ይበቃሉ። ታይምስ ኒው ሮማን እ.ኤ.አ. በ1932 ለለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ የተሠራ ሲሆን፣ በጠባብ ዓምድ ብዙ ቃላት እንዲይዝ የታሰበ ነው። ስለዚህ ቦታ ይቆጥባል፤ በትንሽ መጠን ሲጻፍ ግን ይጨናነቃል። ካሊብሪና አሪያል በስልክ ለሚያነብ ሰው ይቀላሉ።

አንድ ፎንት ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይዝለቁ። ለዋናው ጽሑፍ ከ10.5 እስከ 12፣ ለንዑስ ርዕሶች 13 ወይም 14፣ ለስም ደግሞ ከ18 እስከ 22 መጠን ጥሩ ነው። ሁሉን ነገር በአንድ ገጽ ለማጨቅ ብሎ ወደ 9 መውረድ አያዋጣም። ከማሳነስ መቀነስ ይሻላል።

አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ሲቪ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይጻፋል። የእኛ ፊደል ከላቲኑ የሚለይባቸው ነገሮች ስላሉ ጥቂት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው መጠኑ ነው። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚለየው ትንሽ ምልክት ነው፤ ፊደሉ ሲያንስና ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይጠፋል። ስለዚህ ከ12 አይውረዱ፤ በመስመሮች መካከል ያለውንም ክፍተት በትንሹ 1.15 ያድርጉት። ሁለተኛው፣ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ርዕስን ለመለየት ያለዎት መሣሪያ መጠንና ማወፈር ነው። ማዝመም ግን ለግዕዝ ፊደል አይስማማም፤ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ያጋድመዋል እንጂ ውበት አይጨምርለትም።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ጣጣ የሚያመጣው ነው። የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተለመዱት የቪዥዋል ግዕዝና የመሰሉት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ድርድር ሆኖ ይታያል። የልጅዎ የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ፎንት ምክንያት እንዲህ ሆኖ ሲቀር ደውሎ «አልነበብ አለን» የሚል አይኖርም፤ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ኒያላን፣ ኢብሪማን፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን የመሰለ የዩኒኮድ ፎንት ይጠቀሙ። አራት ነጥብንም ሁለት ነጥብ ደጋግሞ በመምታት ሳይሆን በራሱ ምልክት ይጻፉት። አለዚያ ግማሹ መስመሩ ጫፍ ላይ ቀርቶ ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

ገጹ ይተንፍስ

በመጀመሪያ የወረቀቱን መጠን ይመልከቱ። ብዙ ኮምፒውተሮች በአሜሪካኑ «ሌተር» መጠን ተስተካክለው ይመጣሉ፤ በኮፒ ቤቱ ያለው ወረቀት ግን ኤ4 ነው። ሳይቀየር ከታተመ አሰላለፉ ይዛነፋል። በአራቱም በኩል ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማርጂን ይተው።

ጽሑፉን ከግራ ያስይዙ። የአማርኛ ቃላት ረጃጅም ስለሆኑ በሁለቱም ጠርዝ እኩል ለማድረግ ሲሞከር በመካከላቸው ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠራል። ቀኖችን ለማስተካከል ደግሞ ባዶ ቦታ ደጋግመው አይምቱ፤ በታብ ያስይዙ።

አዲስ ተመራቂ ትምህርቷን ታስቀድም፤ ልምድ ያለው ሰው ሥራውን ያስቀድም። በሁለቱም የቅርብ ጊዜው ከላይ ይሁን። የዘመን አቆጣጠሩም አንድ ይሁን። ልጅዎ ምረቃዋን «2016»፣ የመጀመሪያ ሥራዋን «2024» ብላ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትል ብትተወው፣ አንባቢው ስምንት ዓመት ያለ ሥራ እንደተቀመጠች ሊቆጥር ይችላል።

ቀለሙና ኮከቡስ?

ብዙ ሲቪ በጥቁርና ነጭ ታትሞ፣ ከዚያም ተባዝቶ ለጠያቂዎቹ ይታደላል። ያ ሰማያዊ ዓምድ ግራጫ ይሆናል፤ በላዩ ያለው ስልክ ቁጥርም ይደበዝዛል። አንዳንድ ድርጅቶች ሲቪን በሶፍትዌር ስለሚያጣሩ በሣጥንና በጎንዮሽ ዓምድ ውስጥ የተጻፈው ሊዘለል ወይም ሊዘበራረቅ ይችላል። ፎቶ ካልተጠየቀ ባይኖር ይሻላል። «እንግሊዝኛ» ጎን አራት ኮከብ ማስቀመጥም የሚነግረው ነገር የለም፤ «ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ስብሰባ እመራለሁ» ማለት ግን ይነግራል።

ከመላክዎ በፊት

• ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት። ፎንቱ አብሮ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት መልኩ አይለወጥም።
• ፋይሉን «ሲቪ የመጨረሻ 2» ሳይሆን በአመልካቹ ስም ይሰይሙት።
• በስልክዎ ይክፈቱት፤ አንድ ቅጂም በጥቁርና ነጭ ያትሙ።
• ለጎረቤት ወይም ለአክስት ለአሥር ሰከንድ ብቻ ያሳዩና ይቀበሏቸው። «ምን አስታወሱ?» ብለው ይጠይቁ።

የመጨረሻዋ ፈተና ከሁሉም ትበልጣለች። አክስት «ሰማያዊው ደስ ይላል» ካሉ ሥራው ገና ነው። «አካውንቲንግ ተመርቃ ባንክ ውስጥ ልምምድ ሠርታለች አይደል?» ካሉ ግን ሲቪው ደርሷል።

የተስተካከለ ገጽ ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም። ልጅዎ ያላትን ነገር ግን ሳይታይ እንዳይቀር ያደርጋል። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አብረዋት ይቀመጡና ያንን ሰማያዊ ዓምድ አንሥታችሁ እዩት።