ከባምቢስ እስከ ጎንደር፦ የነርስነት ትምህርት ቤት ምርጫ

ስሙን ከሱፐርማርኬቱ በወረሰው በካዛንቺስ ባምቢስ የምትኖርና ወደ አማራ ክልል የምትዛወር ተማሪ፣ ስለ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ስታስብ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ክፍያና ስለ መኖሪያ ቤት ነው። እኛ ግን ጥያቄው ከታካሚው አልጋ ቢጀምር እንመርጣለን።

ምክንያታችንን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። የአተነፋፈስ ፍጥነት መጨመር የሕመም መባባስን ቀድሞ ከሚያመለክቱ ምልክቶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ሳይታወቀው አተነፋፈሱን ይለውጣል። ስለዚህም ነርሷ የእጁን የደም ሥር ምት የምትለካ መስላ፣ ዓይኗን ወደ ደረቱ አሳርፋ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። የመለማመጃ አሻንጉሊት ግን አያፍርም፤ አተነፋፈሱንም አይለውጥም።

ጎንደር ይህን ቀድማ ታውቃለች። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የማኅበረሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር።

እንግዲህ ተማሪዋ ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚሰጥ፣ በአንድ ታካሚ ዙሪያ ስንት ተማሪ እንደሚቆም ትጠይቅ። የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ ነውና፣ የአዲስ አበባው ቅርንጫፍ ዝና ለሌላው ዋስትና አይሆንም። ትምህርት የጀመረች ከሆነም፣ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙላት ጓዟን ሳትሸክፍ በጽሑፍ ትቀበል። ለዲግሪ ተመራቂዎች በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በየትኛውም ክልል አንድ ነው።