የታቦር ድንጋይም፣ ሙዙም፣ እናንተም ጨረር ትለቃላችሁ! ታዲያ የሚያስፈራው የቱ ነው?

#ሀዋሳ #ሳይንስ

"ጨረር" ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣብን ቦምብና ካንሰር ነው። ግን ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ሐይቁን እያያችሁ የተቀመጣችሁበት ድንጋይም ጨረር ይለቃል። እናንተም ጭምር!

አንዱ ምክንያት ፖታሺየም ነው። ታቦር የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ አለቱ ውስጥ ፖታሺየም አለ። ሙዝ ውስጥም፣ ሰውነታችን ውስጥም አለ። ከ10 ሺህ የፖታሺየም አተሞች አንዱ ገደማ ፖታሺየም-40 የሚባል ያልተረጋጋ ዓይነት ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ 4 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ይፈራርሳሉ።

ከእነዚህ 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ጋማ ጨረር ይለቃሉ። የጨረሩ ኃይል ሁሌም 1.46 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከድንጋይ ይውጣ ከሙዝ ለውጥ የለውም። እያንዳንዱ ኒውክሊየስ እንደ አሻራ የራሱ ኃይል አለው። ባለሙያዎች ጨረሩን ለክተው "ይሄ እገሌ ነው" የሚሉት በዚህ ነው።

ሞባይላችሁስ? ኤሌክትሮንን ከአተም ለመንቀል 10 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። የሞባይል ሞገድ አንዱ ፎቶን ግን የ1 ኤሌክትሮን ቮልት 10 ሺኛ እንኳ አይሞላም። ስሙ "ጨረር" ቢሆንም ከኒውክሊየስ ጨረር ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አደጋው በኃይሉ ብቻ አይወሰንም፤ መጠኑም ወሳኝ ነው። ኮባልት-60 የሚለቀው ጋማ 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ በኃይል ከፖታሺየሙ ያንሳል። ግን በብዛት ተሰብስቦ ዕጢ ላይ ሲነጣጠር የካንሰር ሴል ይገድላል። ለረጅም ዓመታት የአገራችን ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሲያክም የኖረው በኮባልት ማሽን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። "ጨረር ታክሞ መጥቷል፣ አትጠጉት" የሚባለው ስህተት ነው። በማሽን ከውጭ የታከመ ሰው ጨረር ይዞ ቤቱ አይገባም። አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል? አይቀርም። ይሄም እንደዚያው ነው።

ልዩ የሚሆነው እንደ አዮዲን-131 ያለ መድኃኒት ለእንቅርት ዕጢ ሲዋጥ ነው። ያኔ ምንጩ ራሱ ሰውነት ውስጥ ስለሚገባ ሐኪሙ ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቅ በሉ ይላል። መጠኑ በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል።

በማሽን ታክሞ የተመለሰውን ዘመዳችሁን ግን እቀፉት፣ አብራችሁት ብሉ። ምንም አይተላለፍባችሁም።