ቀለበት የሌለው ሲጋር እንዴት ይመረመራል?

በንግድ ዓለም ስም ራሱን የቻለ ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው። በሲጋር ንግድ ግን የስም ኃይል እጅግ የበረታ ነው፤ ከትምባሆ ቅጠል በተጠቀለለው ሲጋር ወገብ ላይ የሚታሰረው ትንሽ የወረቀት ቀለበት ዋጋውን ብዙ እጥፍ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ ያ ቀለበት ሲወልቅ ምን ይቀራል? አንድ ሻጭ «ከሀቫና የመጣ ነው» ብሎ ስም የሌለው ሲጋር ለአስመጪ ወይም ለባለ ሱቅ ሲያቀርብ፣ ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ለማወቅ የሚችለው ምን ያህል ነው?

ቀለበቱ በቦታው ቢኖርም እንኳ ስም ብቻውን መሪ የማይሆንበት ምክንያት አለ። የኩባ መንግሥት በ1960 እ.ኤ.አ. የሲጋር ፋብሪካዎችን በወረሰ ጊዜ ከባለቤቶቹና ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ተሰደው በሌሎች አገሮች፣ ይልቁንም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በሆንዱራስና በኒካራጓ ሥራውን እንደ ገና ጀመሩ፤ የኩባም የትምባሆ ዘር አብሮ ተጓዘ። በ1962 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከኩባ ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲያግዱ የእነዚህ አገሮች ሥራ ይበልጥ ተስፋፋ። (ፕሬዚዳንቱ እግዱን ከመፈረማቸው በፊት 1,000 ያህል የኩባ ሲጋር እንዲገዛላቸው ማዘዛቸውን ቃል አቀባያቸው የነበሩት ፒየር ሳሊንጀር ኋላ ተርከዋል፤ የዕቃውን ነገር ዐውቀውበታል ማለት ነው።) ከዚህ የተነሣ ሞንቴክሪስቶ፣ ፓርታጋስ፣ ሮሜዮ ኢ ሁልየታና ኮሂባ በሚባሉት ስሞች በኩባም ከኩባ ውጪም የተሠሩ የተለያዩ ሲጋሮች ይሸጣሉ።

ስምን ሰውሮ ዕቃውን ብቻ መመዘን ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አሠራር አይደለም። የቡና ቀማሽ ናሙናውን በቁጥር እንጂ በባለቤቱ ስም አይቀበልም። በሲጋርም ረገድ በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተመሠረተው ሲጋር አፊሲዮናዶ የተባለው መጽሔት ቀማሾቹ ስሙን ሳያውቁ፣ መልክንና አሠራርን፣ ጣዕምን፣ የአነዳድን ጠባይና ጠቅላላ ስሜትን መዝነው ከ100 ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል።

ምርመራው ከዐይን ይጀምራል። ሲጋር ሦስት ክፍል አለው፤ በውጭ የሚታየው ሽፋን ቅጠል፣ ከሥሩ ሆኖ የሚያስረው ቅጠል፣ በመካከልም ያለው ሙሌት። ጥሩ ሽፋን ወዝ አለው፤ ቀለሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ጅማቱም ቀጭን ነው። የቀለሙ መጥቆር ግን የብርታት ምልክት አይደለም። ብዙ ገዢዎች በዚህ ይሳሳታሉ፤ ብርታቱ የሚመጣው በይበልጥ ከሙሌቱ፣ ያውም ከተክሉ ዐናት ከሚለቀመውና ሊጌሮ ከሚባለው ቅጠል ነው። ቀጥሎ በእግሩ በኩል ያለው ክፍት ጫፍ ይታያል። ረጃጅም ቅጠሎች ታጥፈው ከታዩ በእጅ የተሠራ መልካም ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ብጥስጣሽ ከሆነ ግን ርካሽ ነው። በሽፋኑ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ቢገኝ የትምባሆ ነቀዝ ገብቷልና ከሌላው ዕቃ ፈጥኖ መለየት ያስፈልጋል።

ከዐይን ይልቅ የሚታመነው እጅ ነው። ሲጋሩን ከራሱ እስከ እግሩ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ መጫን ያሻል። ጠንካራ ጉብታ የተገኘበት ስፍራ ጢሱን ያፍነዋል፤ የሚሰረጉድበት ስፍራ ደግሞ ሙሌቱ ያነሰበት ስለ ሆነ ፈጥኖና ጋለ ብሎ ይነድዳል። ሲጫን የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደርቋል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ባለ ሱቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሲጋር የሚስማማው ከ65 እስከ 70 ከመቶ የሚደርስ እርጥበት ሲሆን፣ የበጋው አየር ግን ደረቅ ነው። በመደርደሪያ ላይ የሰነበተ መልካም ሲጋር ምሬት ያመጣና የመጥፎ ዕቃ ፍርድ ይፈረድበታል። ስለዚህ የደረቀው ናሙና እርጥበቱ በተጠበቀ ሣጥን ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሳያርፍ መቀመስ የለበትም። ሻጩ ቢቸኩልም ገዢው አይቸኩል።

ከመለኮሱ በፊት ይሸተታል። የአሞንያ ሽታ ካለው ቅጠሉ በሚገባ ሳይብላላ ለገበያ ወጥቷል። ከዚያም ራሱ ተቆርጦ ሳይለኮስ ይሳባል፤ አየሩ እንቢ ካለ እሳቱም አያሻሽለውም። ከተለኮሰ በኋላ ጢሱ ወደ ሳንባ አይወርድም፤ በአፍ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። ቀማሹ በመጀመሪያው፣ በመካከለኛውና በመጨረሻው ሲሶ የሚያገኘውን ጣዕም ለየብቻ ይጽፋል፤ የእንጨት፣ የቆዳ፣ የካካዎ ወይም የበርበሬ ጠባይ ሊሆን ይችላል። መልካም ሲጋር በየሲሶው ይለወጣል፤ ተራው ግን እንደ ጀመረ ይጨርሳል፣ ወይም እየመረረ ይሄዳል። አመዱ ሳይረግፍ ጠንክሮ መቆየቱ የአሠራር ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀማሹ ምን ብሎ ለመመስከር ይችላል? በሚገባ መሠራቱን፣ መብላላቱንና መጥፈጡን ያለ ጥርጥር ይናገራል። አገሩን ግን መገመት እንጂ መማል አይችልም። የኩባ ምልክት ነው እየተባለ የሚወደሰው በራሱ ላይ በሦስት ዙር የሚለጠፈው ቆብ በኒካራጓም ይሠራል። ስለ አገሩ የሚመሰክረው ሲጋሩ ሳይሆን ሣጥኑ ነው፤ ይኸውም በ1912 እ.ኤ.አ. ሕግ የሚጠቀሰው የኩባ መንግሥት የዋስትና ማኅተምና ከሣጥኑ ሥር በእሳት የሚታተመው ጽሑፍ ነው። ክዳኑ መስተዋት በሆነ ሣጥን የቀረበ «የሀቫና» ሲጋር ቢኖር ሳይቀምሱት መመለስ ይገባል። ሣጥንም ማኅተምም የሌለው ዕቃ ሲቀርብ ገዢው የሚከፍለው ለቅመሻው ውጤት ብቻ እንጂ ለሀቫና ስም መሆን የለበትም።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚያስገባ ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የሲጋር ጢስ ወደ ሳንባ ባይወርድም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆን ማስታወቂያ ከልክሎ በማሸጊያው ላይ 70 ከመቶ የሚሸፍን የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲኖር አዝዟል። ስለዚህ ስምና መያዣ የሌለው ሲጋር ከቀማሹ ዘንድ የቱንም ያህል ነጥብ ቢያገኝ፣ በሕግ የታዘዘው መያዣ እስካልተዘጋጀለት ድረስ ወደ መደርደሪያ ሊወጣ አይችልም፤ የዚህም ወጪ ዋጋ ሲነገር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።