«ትኬት ነው፣ ከፍዬ እገላገላለሁ» አትበሉ፤ ልጃችሁ በሌላ ስቴት በከባድ ፍጥነት ሲያዝ

በዛሬው ዝግጅታችን ለአፍታ ከፖለቲካው ዘወር ብለን በየቤታችን ስላለ፣ ግን ጮክ ብለን ስለማንነጋገርበት ጉዳይ እናወራለን።

እስቲ አስቡት። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖሩት። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስትገቡ የፖስታ ሳጥናችሁ በደብዳቤ ሞልቷል። አንዱም የእናንተ አይደለም። ሁሉም የተጻፈው ለ19 ዓመት ልጃችሁ ነው፤ ላኪዎቹ ደግሞ ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁ የቨርጂኒያ ጠበቆች ናቸው። «ጉዳይዎን ልንይዝልዎ እንችላለን» ይላሉ። ልጃችሁ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ጠበቆቹ ከየት አወቁ? በቨርጂኒያ የፍርድ ቤት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጠበቆች መዝገቡን እያዩ ለተከሳሾች ደብዳቤ ይልካሉ። ስለዚህ ብዙ ወላጅ ነገሩን የሚሰማው ከልጁ ሳይሆን ከፖስታ ሳጥኑ ነው።

ልጁ ምን አደረገ? ለሰርግ አትላንታ ሲሄድ ነበር እንበል። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ በ95 ቁልቁል ወርዶ፣ ፒተርስበርግ ላይ 85 ቁጥር ሃይዌይን ያዘ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪና የለም፣ የፍጥነት ወሰኑም በአብዛኛው 70 ማይል ነው። ጓደኞቹ ከኋላ ይጫወታሉ። እግሩን ጫን አደረገና 88 ላይ ፖሊስ ያዘው። «ከወሰኑ ያለፍኩት በ18 ማይል ብቻ ነው፣ ምን አለበት?» ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። በቨርጂኒያ ሕግ ያ ወረቀት የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ዓይነት ወረቀት አይደለም። የወንጀል ክስ መጥሪያ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይላል። የመንገዱን ወሰን በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ የነዳ፣ ወይም ደግሞ ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው «ሬክለስ ድራይቪንግ» በሚባለው ጥፋት ይከሰሳል። ቀድሞ ይህ ቁጥር 80 ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነው 85 የሆነው። ስለዚህ 70 በሚፈቀድበት መንገድ ላይ 86 የነዳ ልጅ ከወሰኑ ያለፈው በ16 ማይል ብቻ ቢሆንም ተከሳሽ ነው። 86 ማይል በኪሎ ሜትር ሲሰላ ወደ 138 ይጠጋል። 55 በሚፈቀድበት መንገድ ላይ ደግሞ 75 መንዳት ብቻ ይበቃል። በወረቀቱ ላይ 46.2-862 የሚል ቁጥር ካያችሁ ይኸው የፍጥነት ሬክለስ ክስ ነው።

ጥፋቱ አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር ይባላል። የቅጣቱ ጣሪያ እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር መቀጮና መንጃ ፈቃድን እስከ 6 ወር ማገድ ነው። ይህን የምንነግራችሁ ልናስፈራራችሁ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ፣ ፍጥነቱም ከመጠን ያላለፈ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እስር ቤት አይገባም። ነገር ግን 100 ማይልን ካለፈ ጨዋታው ይለወጣል። የቀናት እስራት የሚፈርዱ ዳኞች አሉ። ከሁሉም በላይ ግን ጥፋተኛ ከተባለ የሚቀረው የወንጀል መዝገብ ነው። ነገ ሥራ ሲያመለክት፣ የነርስነት ወይም ሌላ የሙያ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ታክሲ ወይም ትራክ ልንዳ ሲል «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ተብሎ ይጠየቃል።

ነገሩ የቨርጂኒያ ብቻም አይደለም። ጆርጂያ ከ2010 መግቢያ ጀምሮ «ሱፐር ስፒደር» የሚባል ሕግ አላት። በማንኛውም መንገድ 85 ማይልና ከዚያ በላይ፣ ባለሁለት መስመር በሆነ መንገድ ደግሞ 75ና ከዚያ በላይ የነዳ ሰው ከመደበኛው መቀጮ ላይ 200 ዶላር ለስቴቱ ይጨምራል። ከሌላ ስቴት የመጣም አይቀርለትም። ሜሪላንድም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከወሰኑ በ30 ማይልና ከዚያ በላይ መንዳትን እስራት በሚያስከትለው የሬክለስ ጥፋት ውስጥ አስገብታለች።

አሁን በመካከላችን የሚነገሩ ሦስት የተሳሳቱ አባባሎችን እንያቸው።

አንደኛው «የሌላ ስቴት ትኬት አይከተልም» የሚለው ነው። ይከተላል። አብዛኞቹ ስቴቶች የአሽከርካሪዎችን ጥፋት የሚለዋወጡበት ስምምነት አላቸው፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በዚህ ውስጥ ናቸው። ጥፋተኛ መባሉ መንጃ ፈቃድ ወደሰጠው ስቴት ይላካል፣ ያ ስቴት ደግሞ በራሱ ሕግ ያየዋል። ኢንሹራንሱም ያውቃል። ልጁ በእናንተ ፖሊሲ ሥር ካለ የሚጨምረው የእናንተ ክፍያ ነው።

ሁለተኛው «በኢንተርኔት ከፍዬ እገላገላለሁ» የሚለው ነው። ትኬት መክፈል ማለት «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ብሎ መፈረም ማለት ነው። በቨርጂኒያ የሬክለስ ክስ ደግሞ መክፈያ የለውም፤ ጉዳዩ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ብዙ ወላጅ የመክፈያ ቦታ ሲያጣ «ገና አልገባም ይሆናል» ብሎ ይተወዋል። ቀኑ ሲያልፍ ልጁ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል፤ አለመቅረቡ ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ሊሆን ይችላል፤ የመያዣ ትእዛዝም ሊወጣበት ይችላል። ያን ጊዜ አንድ የነበረው ችግር ሦስት ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው «ፖሊሱ ካልመጣ ይሰረዛል» የሚለው ነው። ዳኛው ቀጠሮውን ሊያራዝም ይችላል። ፖሊሶቹም የፍርድ ቤት ቀናቸውን አስቀድመው ስለሚያውቁ አብዛኛውን ጊዜ ይመጣሉ። በዕድል ላይ የልጃችሁን መዝገብ አታስይዙ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል እንሂድ።

ወረቀቱን ፈልጉና አንብቡት። የተጻፈበትን የሕግ ቁጥር፣ የፍጥነቱን መጠን፣ የፍርድ ቤቱን ስምና የቀጠሮውን ቀን ለዩ። ልጁ መንገድ ላይ ወረቀቱን መፈረሙ ጥፋቱን አምኗል ማለት አይደለም፤ እቀርባለሁ ማለቱ ብቻ ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ማንኛውም አዋቂ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ይቀርባል። 18 ካልሞላው ጉዳዩ በታዳጊዎችና በቤተሰብ ፍርድ ቤት ይታያል፤ እናንተም አብራችሁት መቅረብ ይኖርባችኋል።

ቀጥሎ ጠበቃ አማክሩ፤ ግን ማንኛውንም ጠበቃ አይደለም። ልጁ በተያዘበት ካውንቲ ዘወትር የሚቆም ጠበቃ ዳኛውንም ፖሊሶቹንም ያውቃቸዋል። ደብዳቤ ከላኩት መካከል ሁለት ሦስቱን ደውሉላቸውና ዋጋቸውን፣ ምን ያህል ተመሳሳይ ጉዳይ እንደያዙ፣ ልጁ ራሱ መቅረብ ይኖርበት እንደሆነ ጠይቁ። ፍጥነቱ በጣም ያልበዛ ከሆነ ጠበቃው ብቻውን የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ፍጥነቱ ከፍ ካለ ግን ልጁ ራሱ እንዲቆም የሚፈልጉ ዳኞች ብዙ ናቸው። «ውጤቱን አረጋግጥላችኋለሁ» የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ገንዘብ የሌለውና እስራት ሊያሰጋው የሚችል ሰው ደግሞ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ዳኛውን መጠየቅ ይችላል።

ከዚያ ከቀጠሮው በፊት ሥራ ሥሩ። ልጁ የስምንት ሰዓቱን የአሽከርካሪዎች ማሻሻያ ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ይያዝ። ከስቴታችሁ የመንጃ ታሪኩን አውጡ፤ ንጹሕ ከሆነ ትልቅ ማስረጃ ነው። የመኪናውን ፍጥነት መለኪያ ጋራዥ ወስዳችሁ አስመርምሩ። መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ ውጤቱን በጽሑፍ ይዛችሁ ቅረቡ፤ የቨርጂኒያ ዳኛ ያንን ከግምት ያስገባል። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ደግሞ ሌላ ትኬት ፈጽሞ መምጣት የለበትም።

ይህ ሁሉ ምን ይፈይዳል? ዳኛው ክሱን ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ወይም «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» ወደሚባለው ሊያወርደው ይችላል፤ ይህኛው ወንጀል ያልሆነ የትራፊክ ጥፋት ነው፣ መቀጮውም ከ500 ዶላር አይበልጥም። ገንዘብ ተከፍሎ የወንጀል መዝገብ ሳይኖር መውጣትና የወንጀል መዝገብ ይዞ መውጣት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ፍርዱ ከከበደባችሁም በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪት ኮርት ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ጉዳዩ እዚያ እንደ አዲስ ይታያል። 10 ቀን የሚቆጠረው ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ ስለሆነ አትዘናጉ።

አንድ ነገር በተለይ ዜግነት ላልያዙ ወገኖቻችን። በዲቪ ወይም በቤተሰብ በቅርቡ የመጣ ወጣት፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሁሉ ይህን ያድምጥ። የዜግነት ማመልከቻው ተከሰህ ወይም ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለጊዜያዊ ከለላ በወጣው ሕግም በሁለት ሚስዲሚነር ጥፋተኛ የተባለ ሰው ከለላውን ያጣል። ስለዚህ ዳኛ ፊት «አጥፍቻለሁ» ከማለታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም ጠይቁ። የትራፊክ ጠበቃው የኢሚግሬሽኑን ጉዳይ ላያውቀው ይችላል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ተከሳሽ በወንጀል ጉዳይ በነፃ አስተርጓሚ ያገኛል፤ ቀደም ብላችሁ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ አማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግ አሳውቁ። ጓደኛ ወይም የአክስት ልጅ ይዞ ሄዶ «እሱ ይተረጉምልኛል» ማለት አያዋጣም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጁ ለምን ደበቀ? መልሱን እናውቀዋለን። «አባቴ ሁለት ሥራ እየሠራ የገዛልኝን መኪና አዋረድኩት» ብሎ ነው። ወይም ጩኸታችንን ፈርቶ ነው። እኛም ስንሰማ መጀመሪያ የምንለው «ሰው እንዳይሰማ» ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ ጉዳይ ላይ አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ቀን አለው። ቀጠሮው በስድስት ሳምንት ከሆነና ልጁ አምስቱን ሳምንት ከደበቀው ትምህርቱን ለመውሰድም፣ ጥሩ ጠበቃ ለማግኘትም ጊዜ አልቋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ አንዲት ነገር ንገሯቸው፦ «ፖሊስ ካስቆመህ እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ በትሕትና ተናገር፣ አትከራከር፣ ‹ቸኩዬ ነው› ብለህም ፍጥነትህን አትመን። ከዚያ በዚያው ቀን ለእኔ ደውል። ቁጣዬ ይቆየኛል፣ ቀጠሮው ግን አይቆይም።»

ቁጣው ግን ጨርሶ አይቅር። ጠበቃ ይዞ መዝገብን ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ልጁን ማዳን ሌላ ነው። በአሜሪካ በ2022 ብቻ ከፍጥነት ጋር በተያያዘ አደጋ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ለስፖርት ፌዴሬሽናችን ዝግጅት ልጆቻችን በአንድ መኪና አምስት ሆነው ሌሊቱን ሲነዱ እናያለን። የጠበቃውን ወጪ ልጁ ሠርቶ እንዲከፍል ማድረግ፣ ለጥቂት ወራት ረጅም መንገድ እንዳይነዳ መከልከል፣ ከሃይዌዩ ጉዞ በፊት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲነሳ ማስለመድ የወላጅ ፍርድ ነው። ይህን ፍርድ የሚሰጠው የቨርጂኒያ ዳኛ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ያ የፖስታ ሳጥን ሞልቶ ካገኛችሁት ደብዳቤዎቹን አትጣሏቸው፣ ልጁንም አትሰብሩት። ወረቀቱን አምጣ በሉት፣ ቀኑን አብራችሁ አንብቡት፣ ነገ ጠዋት ስልክ ደውሉ። ይህ የጠቅላላ እውቀት ማብራሪያ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ስለሚለያይ ውሳኔያችሁን ከጠበቃ ጋር ሆናችሁ ወስኑ።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ ልጆቻችሁንም በሰላም ወጥተው በሰላም የሚገቡ ያድርግላችሁ።