ሳጥን ፍለጋ በመቃብር ስፍራ፦ የሚወራውና እውነታው

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስና በቬርሞንት ገጠሮች፣ በድንጋይ ካብ የታጠሩ የቆዩ መካነ መቃብሮች ብዙ ናቸው። በዕረፍት ቀን ስልክና ማስታወሻ የያዙ ሰዎች ከአንዱ ሐውልት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ጎንበስ ብለው ሲያነቡ፣ ቁጥር ጽፈው ሲሄዱ ይታያሉ። የሚጫወቱት ጂኦካሺንግ ነው፤ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ሳጥን የመፈለግ ጨዋታ። የመቃብር ስፍራው ዙር ደግሞ ሳጥኑ የት እንዳለ ለማወቅ አስቀድሞ እንቆቅልሽ መፍታትን የሚጠይቀው ዓይነት ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ያየውን እንደመሰለው ያወራል፤ የሰማው ደግሞ ጨምሮበት ያቀብላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«መቃብር እየቆፈሩ ነው» ይባላል።

አይቆፍሩም። የመሬቱ ባለቤት በግልጽ ካልፈቀደ በቀር፣ ሳጥን ለመደበቅም ሆነ ለማውጣት መሬት መቆፈር በጨዋታው ደንብ ክልክል ነው። አካፋ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ሌላ ጉዳይ አለው ማለት ነው። በመቃብር ስፍራው ውስጥ ያለው ሥራ ንባብ ብቻ ነው፦ ሐውልቶቹ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ቁጥሮቹ ቦታ ያመለክታሉ፤ ሳጥኑም ብዙውን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከካቡ ጥግ ይገኛል። ወሬው ግን እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን የሲቪል ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ያቆመው በሜይ 2000 መጀመሪያ ነው። በማግስቱ፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ በቢቨርክሪክ አጠገብ የመጀመሪያውን ዕቃ አስቀመጠ፤ ያስቀመጠውም በከፊል መሬት የተቀበረ ባልዲ ነበር። በውስጡ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ወንጭፍ፣ የታሸገ ባቄላም ነበረበት። ደንቡ የመጣው ኋላ ነው፤ ዛሬ ያ ባልዲ እንዲመዘገብ ቢቀርብ ተቀባይነት አያገኝም። መቅበሩ ይቅርና ምግብ ማስቀመጡ ራሱ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ታሪክ ሲነገር ይኖራል፣ ደንቡን ግን ከተጫዋቾቹ በቀር የሚያነበው የለም።

«ሳጥኑ ውስጥ ውድ ዕቃ አለ።»

ያለው የስም መመዝገቢያ ወረቀት ነው። ሳጥኑ ሰፋ ካለ የልጆች መጫወቻና ሳንቲም መሳይ ነገር ይጨመርበታል፤ የወሰደ ሰው ተመጣጣኝ ነገር ይተካል። ብዙው ሳጥን ግን ከአውራ ጣት ስለማይበልጥ ከተጠቀለለ ወረቀት ሌላ አይችልም።

«ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ሳጥኑ ያለበት ቦታ ናት።»

በተራው ጨዋታ አዎ፣ በእንቆቅልሹ ግን አይደለም። ነጥቧ መነሻ ብቻ ናት፤ ትክክለኛው ቦታ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ድረስ ሊርቅ ይችላል። ብዙ ጀማሪ ከነጥቧ ላይ ቆሞ ቅጠል ሲገልጥ የሚውለው ይህን ባለማወቅ ነው። አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ኬክሮሱ «ሰሜን 42 ዲግሪ፣ 21 ነጥብ ሀ-ለ-ሐ ደቂቃ» ተብሎ ተሰጠ እንበል። ከበሩ በስተቀኝ ያለው ሐውልት 1794 ይላል፤ የመጨረሻው አኃዝ 4 «ሀ» ይሆናል። ቀጥሎ ያለው 1832 ይላል፤ ሦስተኛው አኃዝ 3 «ለ» ነው። በሦስተኛው ላይ በ67 ዓመቷ ያረፈች ሴት ተጽፋለች፤ 7 «ሐ» ይሆናል። ስለዚህ 21.437 ደቂቃ መጣ። ኬንትሮሱም በዚሁ መንገድ ይሞላል። የ1832ቱ ሐውልት ተሸርሽሮ 3 ቁጥሩ 8 መስሎ ከተነበበ ግን ውጤቱ 21.487 ይሆናል፤ አንዲቱ አኃዝ ፈላጊውን 93 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወስዳ ምናልባት የሰው ማሳ ውስጥ ታቆመዋለች። ጠንቃቃ አዘጋጅ ለዚህ መቆጣጠሪያ ይሰጣል፦ ሦስቱ ቁጥሮች ተደምረው 14 መምጣት አለባቸው። 19 ከመጣ ወደ ሐውልቱ ተመልሶ እንደገና ማንበብ ነው።

ቁጥሩ በትክክል ቢወጣም ስልኩ እጅን ሳጥኑ ላይ አያሳርፍም። በገላጣ ሰማይ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ስህተት አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ከዚህም ይበልጣል። የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች የዓይን ሥራ ናቸው።

«ሐውልቱ በቆየ ቁጥር ጽሑፉ ይጠፋል።»

ኒው ኢንግላንድ በሚባለው በዚሁ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው። በ1700ዎቹ የተተከሉት በአብዛኛው ስሌይት ከሚባለው፣ በስስ ንብርብር ከሚሰነጠቀው ጥቁር ግራጫ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ክንፍ ያለው የራስ ቅል ከተቀረጸባቸው ከእነዚህ ሐውልቶች በአንዳንዶቹ ላይ የራስ ቅሉ ጥርሶች ዛሬም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፋሽን የሆነው ነጭ እብነ በረድ ግን በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ያዘለ ዝናብ ያሟሟዋል፤ ገጹ እንደ ስኳር ይላላል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ እንቆቅልሹ የሚያስቸግረው አያት ቅድመ አያቶቹ ዘንድ ሳይሆን የልጅ ልጆቹ ዘንድ ነው።

ከዚህ የተወለደ አንድ መጥፎ ምክር አለ፦ «የጺም መላጫ አረፋ ቀቡበት፣ ፊደሉ ይወጣል።» እውነት ነው፣ ለጊዜው ይወጣል። ምክሩ የማይሞተውም ለዚህ ነው፤ የቀባው ሰው ወዲያው አንብቦ ይሄዳል፣ ጉዳቱን የሚያይ ሌላ ነው። አረፋው አሲድና ቅባት ስላለው ቀዳዳ በበዛበት እብነ በረድ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፣ በውኃ ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ጠመኔም ሆነ የሽቦ ብሩሽ ከዚህ አይሻሉም። የሐውልት ጥገና ባለሙያዎች የሚመክሩት መስታወት ነው፦ የፀሐይ ብርሃን ከጎን ተገፍቶ በድንጋዩ ገጽ ላይ ሲንሸራተት በእያንዳንዱ ፊደል ጎድጓዳ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጠፋ የተባለው 3 ከ8 ይለያል። ደመና ከሆነ የስልክ መብራትን ከጎን አስጠግቶ መያዝም ይረዳል። ድንጋዩን መንካት አያስፈልግም።

«1742/3 ተብሎ የተጻፈው የጠራቢው ስህተት ነው።»

ስህተት የለበትም። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ከጃንዩወሪ 1 መቁጠር ጀምሮ ነበር። በሁለቱ መካከል የሞተ ሰው በአንዱ አቆጣጠር በ1742፣ በሌላው በ1743 ያረፈ ይሆናል፤ ጠራቢው ሁለቱንም ጻፈ። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ለሚኖር የእኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። የእንቆቅልሽ ፈቺው ጉዳይ የትኛው አኃዝ እንደተጠየቀ ማጣራት ብቻ ነው።

«ሳተላይቱ የት እንዳለን ያያል፤ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ ስልኩ አይሠራም።»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ምልክት ይረጫሉ እንጂ ከስልኩ የሚቀበሉት ነገር የለም፤ ስሌቱን የሚሠራው ስልኩ ነው። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ ነው፤ እሱ ከቤት ከወረደ በቂ ነው።

«መካነ መቃብርን መዝናኛ ማድረግ የዘመኑ ድፍረት ነው።»

እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እንዲህ ቢሰማው አይፈረድበትም፤ በእኛ ዘንድ ወደ መቃብር የሚኬደው ለቀብር፣ ለሙት ዓመት ወይም ለሐውልት ምረቃ ነው። የአሜሪካው ልማድ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1831 ከቦስተን አጠገብ የተከፈተው ማውንት ኦበርን ከመነሻው ዛፍ፣ ኩሬና ጠመዝማዛ መንገድ ያለው ሆኖ የታቀደ ነው፤ በዕቅዱም የማሳቹሴትስ የአትክልት ልማት ማኅበር እጅ አለበት። በ1838 የተመሠረተው የብሩክሊኑ ግሪን-ውድ በ1860ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ያስተናግድ ነበር። ትልልቅ የሕዝብ መናፈሻዎች ገና ባልተስፋፉበት ዘመን ሰዎች ምሳቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደዚያ ነበር፤ እንደ ሴንትራል ፓርክ ያሉት መናፈሻዎች የመጡት ከእነዚህ መካነ መቃብሮች በኋላ ነው።

«በሕግ ተከልክሏል።»

ይህ ወሬ ምንጩ ይታወቃል። በ2005 በሳውዝ ካሮላይና አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ በግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፤ በሴኔቱ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ረቂቁ ራሱ እንኳ ጨዋታውን በመቃብርና በታሪካዊ ስፍራዎች ፈጽሞ የሚያግድ ሳይሆን ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይካሄድ የሚል ነበር። የረቂቁ ዜና ሩቅ ተጓዘ፣ የመቅረቱ ዜና ግን እዚያው ቀረ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ሳጥን የሚያስቀምጠው ሰው የቦታውን ባለቤት ያስፈቅዳል፤ በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚዎችም ሳያዩት በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ አይወጣም። ማዘጋጃ ቤቱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ አይሆንም ካለ ሳጥኑ አይኖርም። ከተፈቀደም በኋላ የስፍራው መግቢያና መውጫ ሰዓት ይከበራል፤ ቀብር ካለ ደግሞ ፍለጋው ለሌላ ቀን ይተላለፋል።