ኤሌክትሮን በኮባልት ኦክሳይድ ንጣፎች ውስጥ እንዴት ይጓዛል?



ለሱሑር ሻይ የምናፈላበት የከሰል ምድጃ ብዙው ሙቀቱ ጀበናውን ሳያገኝ ይባክናል። ከጉና በኩል የሚነፍሰው የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ደጅ ቆሟል። የአንድን ቁስ አንድ ጫፍ ምድጃው፣ ሌላውን ብርዱ ቢያገኘው በጫፎቹ መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ክስተቱን ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 አስተውሎታል።

ታዲያ ለምን በየቤቱ የለም? ቁሱ ኤሌክትሪክን በደንብ ማሳለፍ፣ ሙቀትን ግን መግታት አለበት። መዳብ ሁለቱንም ያሳልፋል፤ በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚሰጠውም 2 ማይክሮቮልት አይሞላም። ሸክላ ሁለቱንም ይዘጋል። ኦክሳይዶች ከሸክላ ወገን ስለሆኑ ብዙ ተስፋ አልተጣለባቸውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓናዊው ኢቺሮ ቴራሳኪና ባልደረቦቹ ግን ሶዲየም ኮባልት ኦክሳይድ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ እያሳለፈ በአንድ ዲግሪ 100 ማይክሮቮልት ገደማ እንደሚሰጥ አሳዩ። ቁሱ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ድርብርብ ነው፦ የኮባልትና የኦክስጅን ንጣፍ፣ ቀጥሎ ሶዲየም፣ እንደገና ኮባልት። ኤሌክትሮኖች የሚሮጡት በኮባልቱ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ መሻገር ይከብዳቸዋል። ሶዲየሞቹ ቦታቸውን ሞልተው ስለማይቀመጡ ሙቀት ተሸካሚውን ንዝረት ያደናቅፋሉ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የቮልቴጁ ምንጭ ነው። ኮባልት +3 ሲሆን የውጭ ኤሌክትሮኖቹ የሚደረደሩት በ1 መንገድ ብቻ ነው፤ አንድ ጎድሎት +4 ሲሆን በ6። ስለዚህ ከኮባልት ወደ ኮባልት የሚዘለው ክፍተት (ሆል የምንለው) ይህን ኢንትሮፒ ተሸክሞ ይሄዳል። ሁለቱ ዓይነት ኮባልቶች እኩል ከሆኑ፣ 86 ማይክሮቮልት በ6 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ሲባዛ 154 ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሙከራም ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ ስፒኖቹን ሲያሰልፍ ቮልቴጁ እንደሚወርድ አሳይቷል።

ወደ ምድጃችን እንመለስ። በ300 ዲግሪ ልዩነት አንድ ቁራጭ 30 ሚሊቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስልክ ለመሙላት 5 ቮልት ስለሚያስፈልግ ቢያንስ 167 ቁራጮች በተከታታይ መያያዝ አለባቸው። የሶዲየሙ ዓይነት እርጥበት አይወድም፤ ለእሳት ዳር ካልሲየም ኮባልት ኦክሳይድ ይሻላል፣ አየር ላይ ቢግልም አይበላሽም። ችግሩ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ሲተኮስ ቅንጣቶቹ በየአቅጣጫው ስለሚዞሩ የኤሌክትሮኑ መንገድ መቆራረጡ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ ግፊቱን እየለዋወጣችሁ ቁራጩ በየትኛው አቅጣጫ በተሻለ እንደሚያስተላልፍ ለክታችሁ ማየት ትችላላችሁ።