ፕሮሰሰሩን ተዉት

ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮር ስንት ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ጄኔሬሽኑን፣ ቀጥሎ ራሙን። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ውስጡ ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ስለ ዲስኩ ከተጠየቀም «ስንት ጊጋ ይይዛል?» ተብሎ ነው። ማሽኑ ቤት ገብቶ ሲንቀራፈፍ ታዲያ ስድቡ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወርዳል። እሱ ምስኪን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ እየጠበቀ ነው።

የሞተ ሃርድ ዲስክ ካላችሁ ክዳኑን ፍቱና እዩት። (የሚሠራውን እንዳትነኩ፤ አቧራ ይገድለዋል።) የሚያንጸባርቅ ሳህን ከጎኑ ቀጭን ክንድ ይዞ ታገኛላችሁ፤ ሸክላ ማጫወቻ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እዚህ ግን የክንዱ ጫፍ ሳህኑን አይነካም፤ ከፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ በሚያንስ ክፍተት አየር ላይ ይንሳፈፋል። እኔ ይህን ነገር ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል።

ችግሩ መዞሩ ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። አንድ ነገር እንዲነበብ ሲታዘዝ ክንዱ መጀመሪያ ወደ ቦታው መሄድ አለበት፤ ከዚያ የተፈለገው ቁራጭ ዞሮ እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠብቃል። ሁሉም ሲደመር 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ለእኛ ምንም አይደለም። በ3 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ፕሮሰሰር ግን 45 ሚሊዮን ምት ባከነ ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ደጋግሞ ያነብባል፤ ክንዱም ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ ራማክ፣ 50 ሳህኖች ተሸክሞ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር፤ ሳህኖቹ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞሩ ነበር። ዛሬ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ የዚያን 200,000 እጥፍ ይይዛል። የሚዞረው ግን 4.5 እጥፍ ብቻ ፈጥኖ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፦ ሪፍሬሽ። ሰፈራችን ያለው የፎቶኮፒ ቤት ልጅ ፋይል ከፍቶ መጠበቅ ሲያቅተው ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ሪፍሬሽ፣ ራይት ክሊክ፣ ሪፍሬሽ። ማውሱ ያሳዝናል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«እንዲፈጥን ነዋ ጋሼ!»

አይፈጥንም። ሪፍሬሽ ዴስክቶፕ ላይ ያሉትን ፋይሎች ዝርዝር እንደገና አይቶ ምስሎቻቸውን መልሶ ይስላል፤ በቃ። ራም አያጸዳም፣ ፕሮግራም አይዘጋም፣ ቫይረስም አያባርርም። የሚጠቅመው አሁን ያስቀመጣችሁት ፋይል አልታይ ሲል ነው። ታዲያ ለምን የሠራ ይመስላል? እናንተ ደጋግማችሁ ስትጫኑ ጊዜ ይሄዳል፤ በዚያ መሃል ዲስኩ የጀመረውን ይጨርሳል፤ ምስጋናውን ሪፍሬሽ ይወስዳል። ፎቶ ማጥፋትም ከዚሁ አይለይም። ዲስኩ ጢም ብሎ ካልሞላ በቀር የሠርጋችሁን አልበም ብትሰርዙ ክንዱ አይፈጥንም። ሁለት አንቲቫይረስ የሚጭነው ሰውማ፣ ሁለቱም ያንኑ ፋይል ተራ በተራ ሲፈትሹ እያዋለ «ቫይረስ አለበት መሰለኝ» ይላል።

ፕሮግራም ሠሪዎቹም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ዊንዶውስ 95 በ4 ሜጋባይት ራም ይሠራ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ሺህ እጥፍ። የፓስካል ፈጣሪ ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት፣ ሃርድዌር ከሚፈጥነው በላይ ሶፍትዌር እየከበደ ነው ብሎ የጻፈው ገና እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ይህም ዞሮ ዞሮ ዲስኩ ላይ ያርፋል፤ ራሙ ሲሞላ የተረፈው ወደ ዲስክ ይገለበጣልና።

ካላመናችሁኝ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሲፒዩ ከታች ሆኖ ዲስክ 100 በመቶ ከሆነ ተጠያቂው ታውቋል። በስታርትአፕ ዝርዝር ውስጥ የማትፈልጉትን ዝጉ፤ ብዙ ጊዜ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር የሚፈጥነው ይኸው ኮተት ስለሚጠፋለት ነው። ቁርጡን ከፈለጋችሁ ግን ኤስኤስዲ አስገቡ። የሚዞር ነገር ስለሌለው የክንድ ጉዞም የግማሽ ዙር ጥበቃም የለም፤ ሊሸጥ የነበረ አሮጌ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ነፍስ ይዘራል። የወጣውን ዲስክ አትጣሉት። ማቀፊያ ገዝታችሁለት የፊልምና የፎቶ መጠባበቂያ አድርጉት፤ ረጅም ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ላይ ዛሬም አይታማም።